የስኳር መለኪያ ማሽን፦ ሽሮ ሜዳ ላይ የአንድ ዓመት ከስምንት ወር ልምዴ

ስኳሬ የታወቀው ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት ባቃተኝ ሰሞን ነው። ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ልብስ እሰፋለሁ፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። ክር ሳስገባ ዓይኔን እንኳ የማላሳርፍበት ሰው፣ ድንገት የመርፌው ቀዳዳ ሁለት ሆኖ ይታየኝ ጀመር። ዕድሜ ነው ብዬ መነጽር አሠራሁ። ከአምስት ሳምንት በኋላ በመነጽሩም ይደበዝዝብኝ ገባ። ሌሊት ሦስት አራቴ ለሽንት እነሳለሁ፣ ጠዋት ምላሴ ከላንቃዬ ጋር ተጣብቆ ነው የምነቃው፣ እግሬ ፔዳሉ ላይ ይዝላል። በእህቴ ውትወታ ጤና ጣቢያ ስሄድ በባዶ ሆድ 287 ወጣ፤ የሦስት ወሩን አማካይ ስኳር የሚያሳየው ምርመራ (የሦስት ወሩ የምንለው) ደግሞ 9.8 በመቶ። ሐኪሟ "ሌላ መነጽር ለማሠራት አይቸኩሉ፤ ስኳሩ ሲረጋጋ ዓይንዎም አብሮ ይረጋጋል" አለችኝ። እውነቷን ነው። ከሁለት ወር በኋላ ክሩን ያለ መነጽር ማስገባት ቻልኩ። ዓይናችሁ ድንገት የደከመባችሁ ካላችሁ መነጽር ቤት ከመሄዳችሁ በፊት ስኳራችሁን ተመርመሩ።

ዛሬ የምጽፈው ግን ቤት ውስጥ ስለምንለካበት ማሽን ነው። ብዙ ሰው እየጠየቀኝ ነው። ይጠቅማል ወይ፣ ገንዘቡን ያወጣል ወይ፣ ያቺ ትንሽ መርፌስ ታሳምማለች ወይ እያሉ።

እኔ ሁለት ማሽን ነበረኝ። የመጀመሪያውን የእህቴ ልጅ ከለንደን ላከልኝ። ቆንጆ ነው፣ ቁጥሩ ጎልቶ ይታያል፣ መያዣ ቦርሳም አለው። የመጀመሪያ ቀን ስለካ 9.4 አለኝ። ጤና ጣቢያ 287 ተብዬ መጥቼ ዘጠኝ ሳይ በደስታ እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ሦስት ቀን ሙሉ ዳንኩ ብዬ እንጀራዬን እንደ ድሮው በላሁ። በአራተኛው ቀን ሲስተር ነች ያስረዳችኝ። እንግሊዝ አገር ስኳር የሚለኩበት ስፍር ከእኛ ይለያል፤ እነሱ በሚሊሞል፣ እኛ በሚሊግራም ነው። የእነሱን ቁጥር በ18 ስታባዙት የእኛን ይሰጣችኋል። ዘጠኝ ነጥብ አራቱ 169 ነበር ማለት ነው። ከእንግሊዝ ማሽን የተላከላችሁ ሰዎች ይህችን ነገር ልብ በሉ፣ እባካችሁ። ቁጥሩ ነጥብ ካለው በ18 አባዙት።

አብሮት የመጣው አሥር ስትሪፕ፣ ማለትም ማሽኑ ላይ ተሰክቶ ደም የሚነካበት ቀጭን ፍሬ፣ አለቀ። ከስድስት ኪሎ እስከ ፒያሳ፣ ከፒያሳ እስከ ተክለ ሃይማኖት ያሉ ፋርማሲዎችን አዳረስኩ፤ የዚያ ማሽን ስትሪፕ አዲስ አበባ ውስጥ አልተገኘም። ማሽኑ ዛሬም ኮሞዲኖ ውስጥ ተቀምጧል፤ አንድም እንከን የለበትም፣ የሚበላው ግን አጣ።

ስለዚህ ሁለተኛዋን፣ እስካሁን የምጠቀምባትን፣ በመስከረም 2016 ስገዛ ቅደም ተከተሉን ገልብጬ ነው የገዛሁት። መጀመሪያ "የትኛው ስትሪፕ ነው በየጊዜው የሚገባላችሁ?" ብዬ ሦስት ፋርማሲ ጠየቅሁ። ሦስቱም ጋ ያለውን ስትሪፕ ለየሁና የእሱን ማሽን ገዛሁ። ማሽን አንዴ ነው የሚገዛው፤ ስትሪፕ ግን ዕድሜ ልክ ነው። ስሟን የማልጠራው፣ ገበያ ላይ ያለው ዓይነት ስለሚቀያየር ስም ይዛችሁ ከምትሄዱ ምን መጠየቅ እንዳለባችሁ ይዛችሁ ብትሄዱ ይሻላል ብዬ ነው።

ሌላም የጠየቅሁት ነገር አለ። አንዳንዱ ማሽን አዲስ የስትሪፕ ጠርሙስ በተከፈተ ቁጥር ኮድ ማስገባት ይፈልጋል፤ ኮዱ ከተሳሳተ ቁጥሩም ይሳሳታል። የእኔዋ ኮድ የሌላት ናት። ደግሞ ከፍታ አለ። መመሪያዋ ላይ እስከ 3,000 ሜትር ትሠራለች ይላል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፣ ሽሮ ሜዳ ደግሞ ከዚያም ከፍ ይላል፣ ግን ከተባለው በታች ነን። እንጦጦ ጫፍ ግን 3,000ን ያልፋል፤ እዚያ ወጥቼ አልለካባትም።

በገዛኋት ሳምንት ልፈትሻት ፈለግሁ። በባዶ ሆድ ላብራቶሪ ሄድኩ፤ ደም ከክንዴ ሲወስዱ እዚያው ቁጭ ብዬ በጣቴ ለካሁ። የላብራቶሪው 142 መጣ፣ የእኔዋ 151። ዓለም አቀፉ መመዘኛ ከ100 በላይ ሲሆን 15 በመቶ ልዩነት ይፈቅዳል፤ የ142 አሥራ አምስት በመቶ 21 ነው፣ የእኔ ልዩነት ዘጠኝ። አለፈች። ይህን ካወቅሁ ወዲህ 140 እና 148 ሲያሳዩኝ አንዱ ጥሩ አንዱ መጥፎ ብዬ አልጨነቅም፤ ለዚህች ማሽን ሁለቱ አንድ ናቸው።

አንድ ቀን ግን 246 ብላ አስደነገጠችኝ። ከሰዓት በኋላ ነው፤ ምሳ ከበላሁ አራት ሰዓት አልፎኛል፣ ምንም አልቀመስኩም። ያደረግሁትን ወደኋላ ሳስብ ለልጄ ብርቱካን ልጬላት ነበር። አልበላሁም፣ ልጬ ብቻ ሰጠኋት። እጄን በውሃና በሳሙና ታጥቤ፣ በደንብ አድርቄ ደገምኩ፤ 139። ያ ሁሉ ስኳር የጣቴ ጫፍ ላይ የቀረ የብርቱካን ጭማቂ ነበር። ያን ቀን 246ን አምኜ ያልታዘዘልኝን ተጨማሪ ክኒን ብውጥ ኖሮ ምን እሆን ነበር እያልኩ አስባለሁ። በአልኮል ብቻ ጠርጌ እለካለሁ የምትሉ፣ አልኮሉ ሳይደርቅ መውጋትም ቁጥሩን ያዛባል። ውሃና ሳሙና ይበቃል።

ስለ መርፌዋ። ጣቴ እንጀራዬ ነው፤ ስለዚህ ይህን ነገር ከማንም በላይ አጥንቼዋለሁ። የጣታችሁን ጫፍ መሐሉን አትውጉ፤ እዚያ ነው ነገር የምንዳስስበት፣ ሕመሙም እዚያ ይበዛል። ጎኑን ውጉ። አውራ ጣትና ጠቋሚዬን ሙሉ በሙሉ ትቻቸዋለሁ፣ መርፌ የምይዘው በእነሱ ነው። የግራ እጄን የመሐል፣ የቀለበትና ትንሿን ጣት በየተራ፣ አንዴ በቀኝ ጎን አንዴ በግራ ጎን እወጋለሁ። መውጊያው ብዕር ላይ የጥልቀት ቁጥር አለ፤ የእኔ ቆዳ በሥራ የጠነከረ ስለሆነ ሦስት ላይ አድርጌዋለሁ፣ እህቴ ብትሆን አንድ ይበቃት ነበር። ጠዋት ጣት ሲቀዘቅዝ ደም እምቢ ይላል። ያኔ አልጨምቀውም፤ አጥብቆ መጭመቅ ደሙን ከሌላ ፈሳሽ ጋር ያቀላቅለዋል። እጄን በሞቀ ውሃ ታጥቤ፣ ወደ ታች አንጠልጥዬ ሃያ ድረስ እቆጥራለሁ፤ ጠብታዋ ራሷ ብቅ ትላለች። ያገለገለውን መርፌ ክዳን ባለው ሃይላንድ ውስጥ አጠራቅምና ጤና ጣቢያ እወስደዋለሁ። መውጊያውን ደግሞ ለማንም አላውስም፣ ለገዛ እህቴም ቢሆን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። መጀመሪያ ላይ እንደ ሁሉም ሰው ጠዋት ጠዋት ብቻ ነበር የምለካው። 158፣ 149፣ 163። ቁጥሩን እጽፋለሁ፣ አዝናለሁ፣ ሥራዬን እቀጥላለሁ። ከዚያ ቁጥር ምን ማድረግ እንዳለብኝ አላውቅም ነበር። በወሩ ቀጠሮ ሐኪሟ ደብተሬን አየችና "እነዚህን ስትሪፖች ጥንድ ጥንድ አድርገው ይጠቀሙባቸው" አለችኝ። አንዱ ከምግብ በፊት፣ ሌላው ከመጀመሪያዋ ጉርሻ ሁለት ሰዓት በኋላ። በመሐል ያለው ልዩነት ምግቡ የሠራው ሥራ ነው። ግባችን ከምግብ በፊት ከ80 እስከ 130፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ ከ180 በታች እንዲሆን ተስማማን።

ማሽኗ የተፈጠረችው ለዚህ ነው ብዬ የማምነው ከዚያ ወዲህ ነው። ምሳዬ ሁሌም ሁለት እንጀራ በሽሮ ነበር። ለካሁ፤ በፊት 121፣ በኋላ 229። በዐሥራ አምስት ቀኑ እንጀራውን አንድ አደረግሁና የጎደለውን በጎመንና በድፍን ምስር ሞላሁት፤ ጎመኑን አስቀድሜ በሹካ በላሁ፣ እንጀራው ኋላ መጣ። በፊት 118፣ በኋላ 174። ሽሮው አልተቀነሰም፣ ጠግቤያለሁ፣ ልዩነቱ ግን በግማሽ ወርዷል። ሌላ ቀን ያንኑ ምሳ በልቼ ስፌቱ ላይ ከመቀመጥ ሃያ ደቂቃ ወደ እንጦጦ መውጫ ዳገቱን ተራመድኩ። በፊት 124፣ በኋላ 148። ያን ቁጥር ሳይ ልጄን ጠርቼ አሳየኋት። ስንት ዓመት "ስፖርት ሥሩ" ሲባል ሰምቻለሁ፤ ሃያ ደቂቃ እግር እንዲህ አድርጎ ስኳር እንደሚበላ ግን በዓይኔ ያየሁት ያን ዕለት ነው። ጡንቻ ሲሠራ ስኳሩን ከደም ይስበዋል፤ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ለሚሠራ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። አሁን ከምሳ በኋላ ደንበኛ ቢጠብቀኝ እንኳ "እመለሳለሁ" ብዬ እወጣለሁ።

የጥቁር ዳቦው ነገር ግን አሳዝኖኛል። አንድ ዳቦ ቤት "ለስኳር ሕመምተኛ" ብሎ የሚሸጠውን ለሁለት ወር ቁርሴ አድርጌው ነበር፤ ከተራው ዳቦ ዋጋው ከፍ ይላል። ለካሁት፤ 116 ገብቶ 238 ወጣ። ሌላ ቀን ደገምኩት፤ ያው ነው። ቀለሙ ጠቆረ እንጂ ያው የላመ ዱቄት ነው። በሶም እንደጠበቅሁት አልሆነልኝም፣ ወደ 200 ነው የወሰደኝ። አንድ እፍኝ የገብስና የሽምብራ ቆሎ ግን 139 ላይ ነው የቆመልኝ። የእኔ ቁጥር ነው፤ የእናንተ ሊለይ ይችላል፣ ለዚህ ነው መለካቱ የሚያስፈልገው።

ቡናን መለካት አላስፈለገኝም፣ ቆጠርኩት እንጂ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፤ በየስኒው ሁለት ማንኪያ። ስድስት ማንኪያ ማለት 24 ግራም ስኳር ነው፤ ግማሽ ጠርሙስ ለስላሳ እንኳ ይህን ያህል የለውም። ጎረቤቶቼ ዘንድ ቡና መቅረት ደግሞ ከሰው መቅረት ነው። ስኳሩን ትቼ ጤና አዳም ጣል አደርግበታለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት መሮኝ ነበር፣ አሁን በስኳር ቢያቀርቡልኝ አልጠጣውም።

የጠዋቱ ቁጥር ነገር ቆይቶ ነው የገባኝ። እራቴን አሳንሼ፣ 131 ሆኜ ተኝቼ፣ ጠዋት 160 እሆናለሁ። ሌሊት ማን አበላኝ? ጉበት ነው። ልንነቃ ስንል ጉበት ያጠራቀመውን ስኳር ወደ ደም ይለቃል፤ እኛ ዘንድ አለልክ ይለቃል። የምወስደው የስኳር ክኒን፣ ሜትፎርሚን፣ ከሚሠራቸው ሥራዎች ዋናው ይህን ማፈን ነው። ሐኪሟ የማታና የጠዋቱን ጥንድ ደብተሬ ላይ አይታ ከእራት ጋር የምወስደውን ከ500 ወደ 1,000 ሚሊግራም ከፍ አደረገችልኝ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሆዴን አውኮኛል፣ ምግብ መሐል መዋጥ ስጀምር ተወኝ። ከወር በኋላ ጠዋቴ 120ዎቹ ውስጥ ገባ። ደብተሩ ባይኖር ይህ ለውጥ አይመጣም ነበር፤ በቀጠሮ ቀን ብቻ የሚታይ ቁጥር ማን ምን እንዳደረገ አይናገርም። ብዙዎቻችን ቀጠሮ ሲቀርብ ሁለት ቀን ተጠንቅቀን በልተን እንደምንሄድም አውቃለሁ፣ እኔም አድርጌዋለሁ።

አሁን የስቅለቱን ልንገራችሁ። ሚያዝያ 25 ቀን 2016 ነው። ያኔ ከሜትፎርሚን ሌላ ግሊቤንክላሚድ የሚባል ስኳር የሚያወርድ ክኒን እወስድ ነበር። ጾም ቢሆንም መድኃኒት አይቀርም ብዬ ጠዋት በባዶ ሆዴ ዋጥኩትና ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ስግደቱን ሳላቋርጥ ሰገድኩ። ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ ላብ አጠመቀኝ፤ ነጠላዬ ጀርባዬ ላይ ተጣበቀ፣ እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ከንፈሬ ደነዘዘ። አጠገቤ ያሉት እናት "ጾሙ ነው ልጄ፣ ትንሽ ቻይው" አሉኝ። እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር። እህቴ ግን ቦርሳዬን ከፍታ ማሽኗን አወጣች። 54። ግቢው ዳር ወስዳ አስቀመጠችኝ፣ አንድ ልጅ ሱቅ ተልኮ ለስላሳ አመጣ፤ ዳይት ሳይሆን ደህናውን ስኳር ያለውን። ግማሹን ጠጣሁ። ዐሥራ አምስት ደቂቃ ጠብቀን ለካን፤ 81። ከዚያ ቤት ሄጄ ምግብ በላሁ፣ ምክንያቱም ያ መድኃኒት ቶሎ ከሰውነት ስለማይወጣ ስኳሩን እንደገና ሊያወርደው ይችላል። የንስሐ አባቴን ሳማክራቸው ከጅምሩ ለእሳቸው ሳልነግር መጾሜን ነው የተቆጡኝ። ሐኪሟ ግሊቤንክላሚዱን አስቆመችኝ።

ግሊቤንክላሚድ ወይም ኢንሱሊን የምትወስዱ ሁሉ፣ ኦርቶዶክስም ሁኑ ሙስሊም፣ ጾም ከመግባቱ በፊት ከሐኪማችሁ ጋር ተነጋገሩ። መድኃኒታችሁን ግን በራሳችሁ አትተዉ። ጠበል እየሄዱ ክኒናቸውን ያቋረጡ ሰዎች አውቃለሁ፤ እኔም ጠበል እጠጣለሁ፣ ክኒኔንም እውጣለሁ፣ ሁለቱ ተጣልተውብኝ አያውቁም።

ወጪውን ልናገር። ከሐምሌ 2016 የምንዛሬ ለውጥ በኋላ ስትሪፕ በጣም ነው የተወደደው፤ ከውጭ የሚገባ ነገር ነውና። አንድ ጠርሙስ 50 ፍሬ ነው። በሳምንት ሦስት ጥንድ፣ ማለትም ስድስት ፍሬ ብቻ እለካለሁ፤ አንዱ ጠርሙስ ስምንት ሳምንት ይሄድልኛል። ሦስቱን ጥንድ አንድ ጥያቄ ላይ ነው የማውላቸው፦ በዚህ ሳምንት ቅንጬ ቁርስ፣ በሚቀጥለው የእሁድ ዶሮ ወጥ። በየጠዋቱ መለካት ቢያስደስትም አቅሜ አይፈቅድም፣ የሚያስተምረኝም ያነሰ ነው። ኢንሱሊን የሚወጉ ግን የእኔን ቁጠባ አትከተሉ፣ የእናንተ ሌላ ነው።

ስትገዙ የሚያበቃበትን ቀን አንብቡ። አንድ ፋርማሲ ሦስት ሳምንት የቀረውን ጠርሙስ ሸጦልኝ፣ ግማሹን ጥዬዋለሁ። ጠርሙሱን አንዱን ፍሬ እንዳወጣችሁ ወዲያው ክደኑት፤ ስትሪፕ እርጥበት ጠላቱ ነው፣ ክረምት ላይ ደግሞ የእኛ ሰፈር እርጥበት ይታወቃል። ፍሪጅ ውስጥም አታስገቡት። ጎረቤቴ እንዲቀላት ብላ በፌስታል ገልብጣ ይዛው ስትዞር ቁጥሩ ሁሉ ተዘባርቆባት ነበር።

ማሽኗ የማታደርገውም አለ። የሦስት ወሩን አትነግራችሁም፤ እኔ በመጨረሻ 6.9 መሆኔን ያወቅሁት ላብራቶሪ ሄጄ ነው። ኩላሊትንና ግፊትን አታይም። በዓመት አንዴ ዓይኔን ምኒልክ ሆስፒታል አሳያለሁ፣ እግሬን ማታ ማታ በመስታወት ራሴ አየዋለሁ። ደግሞ የምታወጣውን አማካይ ቁጥር አትመኑት፤ ደህና በበላሁበት ቀን ብቻ ብለካ አማካዩም ደህና ይሆናል።

ቅሬታዬ አንድ ነው፣ እሱም ከልቤ ነው። መመሪያዋ በእንግሊዝኛ፣ በፈረንሳይኛ፣ በዓረብኛ ተጽፏል፤ አማርኛ ግን የለበትም። ትግርኛም ኦሮምኛም የለም። ስንት እናት ማሽን ተገዝቶላት ሳትከፍተው ያስቀመጠችው ለዚህ ነው። ጎረቤቴ እማማ ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ልጃቸው ከዱባይ የላከላቸው ማሽን ስድስት ወር ካርቶኑ ውስጥ ነበር። ልጄ በትልልቅ ፊደል ግማሽ ገጽ ላይ ጻፈችላቸው፦ እጅ መታጠብ፣ ማድረቅ፣ ስትሪፕ መሰካት፣ ጠርሙስ መክደን፣ የጣት ጎን መውጋት፣ ከ70 በታች ከሆነ ሦስት ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ ጠጥቶ ጎረቤት መጥራት። ወረቀቱን ላስቲክ አልብሰን ማሽኑ ቦርሳ ላይ ሰፋሁት። ቅዳሜ ቅዳሜ ደብተራቸውን ይዘው ሱቄ ይመጣሉ፤ ባለፈው ቅዳሜ ገንፎ በቅቤ 211 ማድረሱን ራሳቸው ደርሰውበት፣ በዚህ ሳምንት ግማሹን በልተው ሊለኩት ነው።